ሁሉንም ልጅ የበዓል ልብስ አታልብሱት

የልጆች መጽሐፍ ሥዕል መሥራት ለምታስቡ አንድ ነገር ልበላችሁ። የተለያየ ብሔር ልጆችን ለማሳየት ብላችሁ የባህል ልብስ አትደርድሩ። እንዲህ ያለው ሥዕል በየካላንደሩ ሞልቷል። በአዘቦት ቀን የጉራጌውም፣ የሶማሌውም፣ የወላይታውም ልጅ ቲሸርት ለብሶ ነው ኳስ የሚያሳድደው።

እንደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ የአዲስ አበባ ዳር የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የምትኖሩማ ታድላችኋል። ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው አንድ ደረጃ ላይ ይተላለፋል። ደብተር ይዛችሁ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ቁጭ በሉ። ልዩነቱን ከፀጉር አሠራር፣ ከአስተዛዘል፣ በረንዳ ላይ ከተሰጣው እህል ልቀሙ። ቆዳን በአንድ ቡናማ አትጨርሱት፤ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ለየብቻ ቀላቅሉ። (የልጅ ፎቶ ግን ወላጅ ሳይፈቅድ እንዳታነሱ።)

ለአሳታሚ ስታቀርቡ ቆንጆ ቆንጆ ሥዕል መደርደር ብቻ አይበቃም። አንዱን ልጅ ሲስቅ፣ ሲያኮርፍ፣ ሲሮጥ፣ ከጀርባውም ሳሉት። የሥዕል መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ገጽ 5 ላይ ያለው ልጅ ገጽ 20 ላይ ሌላ ሰው ከሆነ ጉድ ፈላ። ፊትን ደግሞ መሀል እጥፋቱ ላይ አትሳሉ፣ ጥራዙ ይውጠዋል።