ታራንቱላችሁ ጋር አይሶፖድ እንዴት ታኖራላችሁ

አይሶፖድ ማለት ትንሽዬ ፍጥረት ናት፣ አንዳንዷ ዝርያ ሲነኳት እንደ ኳስ ትጠቀለላለች፣ ታራንቱላው (ያ ትልቁ ፀጉራም ሸረሪት) የተወውን ፍርፋሪና ሻጋታ እየበላች ቴራሪየሙን፣ ማለትም የሚኖርበትን ሳጥን፣ ታፀዳላችኋለች። መጀመሪያ ግን የታራንቱላችሁን ዝርያ እዩ፣ እንደ ደቡብ አሜሪካው ጎልያድ እርጥበት የሚወድ ከሆነ አሪፍ ነው፣ የበረሃ ከሆነ ግን ተዉት፣ አይሶፖድ ከሽሪምፕ ወገን ስለሆነች የምትተነፍስበት አካል ከደረቀ ትሞታለች።

አፈሩ ላይ ደረቅ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨትና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት (ለካልሲየም) ጨምሩ፣ ውሃውን አንድ ጥግ ላይ ብቻ አፍስሱ።

እኔ የምመርጠው ድዋርፍ ዋይት የሚባሉትን ነው፣ ጥቃቅን ናቸው አፈር ውስጥ ነው የሚውሉት። ፖርሴሊዮ የሚባሉትን ግን በጭራሽ አታስገቡ፣ ፕሮቲን በጣም ይወዳሉ፣ ታራንቱላው ቆዳ ሊቀይር በጀርባው ሲተኛ ገላው ለስላሳ ነው ራሱን መከላከል አይችልም፣ ሊበሉት ይችላሉ፣ በተለይ ሌላ ምግብ ካጡ።

ከበዙባችሁ ማታ ቁራጭ ኪያር አስቀምጡና ጠዋት ከነተሰበሰቡበት አንሱት። ፀረ ተባይ ከተረጨ ግቢ የተለቀሙትን ደሞ እንዳታስገቡ፣ መርዙ ለታራንቱላውም ይተርፋል።