ከተማን በእንቆቅልሽ መዞር፦ ያለ አስጎብኚ የሚሠራ የፍለጋ ጨዋታ አዘገጃጀት

አስጎብኚ ተከትዬ መዞር አይሆንልኝም። ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ከሚሄድ ሰው ኋላ ስሰለፍ ዓይኔ ሕንፃውን ትቶ ጃንጥላውን ሲከተል ይውላል። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣብኝ አንድ ወረቀት አዘጋጅቼ እሰጠዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ከስምንት እስከ አሥር ጥያቄዎች አሉ። መልሶቹ ያሉት መንገድ ላይ ነው። እየተራመዱ፣ እያንጋጠጡ፣ እየተከራከሩ ይፈልጓቸዋል።

መንገዱን መምረጥ ብዙ አያስቸግርም። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ታዲያ 3 ኪሎ ሜትር በ45 ደቂቃ ያልቃል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። መቆም አለ፣ ፎቶ አለ፣ ክርክር አለ። ሁለት ሰዓት ያዙለት። ዳገት ካለ ከላይ ጀምራችሁ ቁልቁል ጨርሱ። መጨረሻው ላይ መቀመጫና መጸዳጃ ቤት ይኑር። ይህን የሚረሳ አዘጋጅ ስንት ነው!

ሥራው ያለው ጥያቄው ላይ ነው። የእኔ ሕግ አንድ ነው፦ ቦታው ላይ ቆሞ ያየ ሰው ብቻ የሚመልሰው ካልሆነ ጥያቄውን ሰርዙት። «ይህ ሐውልት መቼ ቆመ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሐውልቱን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ሁሉም ስልኩን ጎርጉሮ ይመልስና ያልፋል።

ሮም ያለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ፓንቲዮንን እንውሰድ። «ማን አሠራው?» ካላችሁ ስልኩ «ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን፣ እ.ኤ.አ. በ126 ገደማ» ይላል። ትክክል ነው። ግንባሩ ላይ በትልልቅ ፊደል የተቀረጸው ጽሑፍ ግን አግሪጳ የተባለ ሮማዊ ሹም ሠራው ነው የሚለው። አግሪጳ በዚያው ቦታ ቀደም ብሎ ያሠራው ተቃጥሎ ነበር። አዲሱ ሲሠራ የድሮው ስም ተመልሶ ተጻፈበት። እንግዲህ «ግንባሬ ላይ የማን ስም ተጽፏል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቆሞ ያነበበውና ከካፌ ወንበር ላይ ጉግል ያደረገው ወዲያው ይለያሉ። እኔ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሳገኝ ደስታዬ ወደር የለውም።

ቦታውን ራሱን እንዲፈልጉት ከፈለጋችሁ ደግሞ ስሙን አትጻፉ። እንደ ልጅነታችን በእንቆቅልሽ አቅርቡት። ለአክሱም ሐውልት ቢሆን እንዲህ እላለሁ፦

በር አለኝ፣ ማንም አይገባብኝም።
መስኮት አለኝ፣ ማንም አያይብኝም።
ፎቅ በፎቅ ነኝ፣ ነዋሪ የለኝም።

ሲደርሱ ሥራ ስጧቸው። «በሩ ፊት ለፊት ቁሙና ወደ ላይ የተደረደሩትን የመስኮት ረድፎች ቁጠሩ» በሏቸው። እስኪቆጥሩ ድረስ ዓይናቸው ከድንጋዩ ላይ አይነቀልም። የምንፈልገውም ይኸው ነው።

ቆጠራ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ጠብ ያመጣል። የወንድሜ ልጆች የአንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ላይ አንዷ 24፣ ሌላው 25 ብለው ተካረሩ። ላይ ያለው ሰፊ ወለል ይቆጠራል አይቆጠርም ነው ነገሩ። ወርደው እየጮኹ እንደገና ቆጠሩ። አሥራ አንደኛው ደረጃ መሐሉ ተረግጦ ተረግጦ እንደ ሳህን መጎድጎዱን ትንሿ ያየችው ያኔ ነው። ቆጠራውን ትተው ሁሉም ጫማቸውን ጉድጓዱ ላይ እያሳረፉ መለካት ጀመሩ። ክርክሩን ማስቀረት ካሻችሁ «ላይኛው ወለል አይቆጠርም» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ግን አንዳንዴ ሆን ብዬ እተወዋለሁ።

ሌላ የምወደው የሮማ ቁጥር ያለው የአደባባይ ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ሰዓቶች ላይ አራት ቁጥር የሚጻፈው በአራት ቋሚ ሰረዞች ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው እንዲያ አይደለም። «ሰዓቱ አራትን እንዴት ይጽፋል? ሳሉት» በቂ ጥያቄ ነው። ሰዓት ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ሲገረሙ ታያላችሁ።

የፈረሰኛ ሐውልት ካጋጠማችሁ ግን አንድ ነገር ልምከር። ፈረሱ አንድ እግሩን ካነሳ ጋላቢው ቆስሎ ነበር፣ ሁለቱን ካነሳ ጦር ሜዳ ወድቋል የሚባል ወሬ አለ። የማይሠራባቸው ሐውልቶች ሞልተዋል። ስንት እግር እንደተነሳ ጠይቁ፤ ትርጉሙን ተዉት።

ዕቃ አትደብቁ። የተደበቀ ዕቃ በጂፒኤስ የሚፈለግበት፣ ጂኦካሺንግ የሚባለው ጨዋታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው። አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚ ሆን ብላ የምታዛባውን የጂፒኤስ ምልክት ማዛባቷን ባቆመች ማግስት፣ አንድ ሰው ኦሪገን ውስጥ ጫካ መሐል ባልዲ ደብቆ አድራሻውን በኢንተርኔት ለቀቀ። ለጫካ ጥሩ ነው። ከተማ መሐል ባለቤቱ ያልታወቀ ሳጥን ጥበቃ ያስጠራል። ደግሞም ረጃጅም ሕንፃዎች መሐል ምልክቱ ግድግዳ እየመታ ስለሚመለስ፣ ስልካችሁ ከመንገዱ ማዶ ያላችሁ ሊመስለው ይችላል። አቅጣጫውን በሚታይ ነገር ንገሩ፦ «አንበሳው የሚያይበትን አቅጣጫ ይዛችሁ እስከ ፏፏቴው ሂዱ።»

ወረቀቱን ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ ዙሩት፣ እነሱ በሚሄዱበት ሰዓት። ጠዋት ክፍት የነበረው በር ከሰዓት ሊዘጋ ይችላል። የተቀረጸ ጽሑፍም ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ጥላ ሠርቶ ጎልቶ ይነበባል፤ በሌላ ሰዓት ግን ድንጋዩ ልሙጥ ይመስላል። ጸሎት ቤት ያለበትን ጥያቄ ከውጭ የሚመለስ አድርጉት። ጥበቃ የቆመበትን ሕንፃ ከነጭራሹ ዝለሉት።

ቡድኑ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሌላው ያወራል። ነጥቡን ቀድሞ ለጨረሰ አትስጡ። በፍጥነት ከሆነ መኪና ሳያዩ መንገድ ይሻገራሉ። እርሳስና ከጀርባ የሚደገፍ ጠንካራ ካርቶን ስጧቸው። ማንበብ ላልጀመሩ ሕፃናት በጥያቄ ፋንታ የአንድ ጌጥ ወይም የአንድ በር እጀታ ፎቶ ተጠግታችሁ አንሱና «ይህን ፈልጉ» በሏቸው። ከትልልቆቹ ቀድመው ሲያገኙ አይቻለሁ።

የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሚቀጥለው ቁልፍ አታድርጉት። አንዱ ከተሳሳተ ጨዋታው እዚያው ይሞታል። መልሶቹን በታሸገ ፖስታ አብራችሁ ስጧቸው፤ የቸገረው ይክፈት፣ ነጥቡን ይጣ። ሁለት መጠባበቂያ ጥያቄም ጨምሩ፣ ምክንያቱም እድሳት ሲጀመር መጀመሪያ በሸራ የሚሸፈነው እናንተ የመረጣችሁት ግድግዳ ነው።