ስለ ጡንቻ መኮማተር ስታጠኑ የምትሳሳቱባቸው ነጥቦች

ባሕር ዳር ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ልጆች ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ጡንቻ ላይ ስንደርስ የማርማቸው ስህተቶች ያው ናቸው።

መጀመሪያ፣ ጡንቻ ሲኮማተር በውስጡ ያሉት የፕሮቲን ክሮች ያጥራሉ ማለት። አያጥሩም። የሚያጥረው ሳርኮሜሩ፣ ማለትም ክሮቹ የተደረደሩበት ትንሹ የጡንቻ ክፍል ነው። ቀጭኑ ክር አክቲንና ወፍራሙ ክር ማዮሲን ርዝመታቸውን እንደጠበቁ አንዱ በሌላው መሃል ይንሸራተታል። ይህን በ1954 እ.ኤ.አ. ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በየፊናቸው አሳዩ፤ አንድሩ ሃክስሊ ከሮልፍ ኒደርገርከ፣ ሂዩ ሃክስሊ ከጂን ሃንሰን ጋር። ስለዚህ ፈተና ላይ ስትስሉ ኤ ባንድን (ማዮሲን ያለበትን ክፍል) እንዳታሳጥሩት። የሚጠበው አይ ባንድ (ማዮሲን የሌለበት የአክቲን ክፍል) ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ኤቲፒ (ለሴሉ ጉልበት የሚሰጠው ሞለኪውል) ለመሳብ ብቻ ነው የሚለው ነው። ኤቲፒ ማዮሲን ራስ ላይ (አክቲንን በሚይዘው ጫፉ ላይ) ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሆነው መላቀቅ ነው፤ ራሱ አክቲኑን ይለቃል። ከዚያ ኤቲፒው ሲሰነጠቅ ራሱ ይወጠራል፣ አክቲኑን ሌላ ቦታ ላይ ይይዛል፣ ከኤቲፒው የተሰነጠቀው ፎስፌት ሲወጣ ይስባል። ኤቲፒ ከሌለስ? እንደያዘ ይቀራል።

ማመን ያቃተው ጣና ዳር ይውረድና ዓሣ ያገላብጥ። ገና ከመረብ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ እጅ ላይ እጥፍ ይላል። ሰዓታት ሲያልፉ ግን እንደ እንጨት ድርቅ ይላል። ኤቲፒው አልቋል፣ ራሶቹ መላቀቅ አልቻሉም። እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ዓሣው ቆይቶ ተመልሶ ሲለሰልስ፣ ብዙ ልጅ "ራሶቹ ለቀቁ" ብሎ ይጽፋል። ኤቲፒ ከየት መጥቶ? የለሰለሰው ኢንዛይሞች ፕሮቲኖቹን ስለሚቆራርጧቸው ነው።

ካልሲየምም ያለ ሥራው ሥራ ይሰጠዋል። እሱ አይስብም። ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ አክቲኑን የሸፈነው ፕሮቲን ትሮፖማዮሲን ገለል ይላል፣ አክቲን ላይ ያለው መያዣ ቦታ ይገለጣል፤ በቃ። የክንድና የእግር ጡንቻ ካልሲየሙን የሚያገኘው እዚያው ሴሉ ውስጥ ካለው ማከማቻ፣ ከሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም ነው። የልብ ጡንቻ ግን ከውጭ የሚገባም ያስፈልገዋል። ሁለቱን አታምታቱ።

መኮማተር ሁልጊዜ ማጠር ነው ብላችሁም አትጻፉ። ጭቃ የያዘውን ታንኳ የሚጎትት ሰው፣ ታንኳው ንቅንቅ ባይልም ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው።

ጡንቻ ሲፈታ ጉልበት አያወጣም የሚለውም ልክ አይደለም። ካልሲየሙን ወደ ማከማቻው የሚመልሰው ፓምፕ የሚሠራው ኤቲፒ እየበላ ነው።