ቪሲ ሲያጥርና ተጫዋቹ አላድግ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በኤንቢኤ ቱኬ የቅርጫት ኳስ ቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ «ማይካሪየር» በተባለው ክፍል የራስን ተጫዋች ከ60 ኦቨሮል (አጠቃላይ የችሎታ ደረጃ) አካባቢ አስነስቶ ወደ 90ዎቹ ለማድረስ ዋናው መንገድ ቪሲ የሚባለው የጨዋታው ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ ለክህሎትም፣ ለልብስም፣ ማይቲም በተባለው ክፍል ቡድን ለሚገነባባቸው የተጫዋች ካርዶችም የሚወጣው ከአንድ ቦርሳ ስለሆነ፣ እጥረት ሲያጋጥም የገባውን ብቻ ሳይሆን የወጣበትንም መመርመር ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ቡድኑ አሸንፏል፤ የተከፈለው ቪሲ ግን ጥቂት ነው።

ብዙ ጊዜ መንስኤው ከኤፍ እስከ ኤ ፕላስ የሚሰጠው የቡድን አጋርነት ውጤት መውረዱ ነው። ብዙ ነጥብ ያስቆጠረ ሰው እንኳ በዚህ ይጎዳል። አንድ ቅጽበት እንመልከት፦ ተጫዋቹ ኳስ ለመንጠቅ ብሎ የሚጠብቀውን ሰው ጥሎ ወደ መሀል ይገባል፤ ኳሱ በሁለት ቅብብል ጥግ ላይ ብቻውን ለቀረው ለዚያው ሰው ይደርሳል፤ ሦስት ነጥብ ይቆጠራል፤ ወዲያውም ውጤቱ ሲወርድ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ተከላካይ ፊት ለፊት ቆሞ እያለ መወርወር፣ ኳስ ማስነጠቅና ደጋግሞ ኳስ መጠየቅም እንዲሁ ያወርዱታል።

መፍትሄው የራስን ሰው አለመልቀቅ፣ ክፍት ለሆነ አጋር ማቀበልና በሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ በሚያዝበት) ጊዜ ተጋጣሚን በጀርባ ማገድ ነው። የጨዋታውን የአስቸጋሪነት ደረጃ ከፍ ማድረግም ክፍያውን ይጨምራል፤ ሆኖም ከአቅም በላይ ከሆነና ውርወራው ከተበላሸ የተጨመረው ተመልሶ ስለሚጠፋ፣ ውጤቱ ለተከታታይ ጨዋታዎች ከኤ ማይነስ ሳይወርድ ሲቆይ ብቻ አንድ ደረጃ መጨመር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ጨዋታን አቋርጦ መውጣት ደግሞ የዚያን ጨዋታ ክፍያ ያሳጣል።

ምልክት፦ ቪሲው አልቋል፤ ኦቨሮሉ ግን አልተነቃነቀም።

ሁሉም ክህሎት ለኦቨሮል እኩል አይመዝንም፤ ድርሻው እንደ ተጫዋቹ ቦታና አሠራር (ሲፈጠር እንደተሰጠው ቁመናና የክህሎት ጣሪያ) ይለያያል። ከዚህም በላይ አንድ ክህሎት ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር የእያንዳንዱ ነጥብ ዋጋ ይወደዳል፤ ጣሪያውም ተጫዋቹ ሲፈጠር በተመረጠው ቁመት፣ ክብደትና የክንድ ርዝመት ይወሰናል። ረጅም ክንድ ለመከላከል ይረዳል፤ የሦስት ነጥብ ውርወራን ጣሪያ ግን ዝቅ ያደርጋል። እኔም በመጀመሪያው ሴንተሬ (ከቅርጫቱ አጠገብ በሚጫወተው ረጅም ተጫዋቼ) ላይ ይህን ሳላይ ገንዘቤን በውርወራ ላይ ጨርሼ፣ ሪባውንዱና መከላከሉ ለረጅም ጊዜ ደካማ ሆነው ቀሩ።

ስለዚህ ከመክፈል በፊት ጣሪያውን ማየት፣ ቀጥሎም ባጅ (ለተጫዋቹ ልዩ ብቃት የሚጨምር ምልክት) ወይም የዳንክ (ኳስን ዘሎ ቅርጫት ውስጥ የመክተት) እንቅስቃሴ ለመክፈት ጥቂት ነጥብ ብቻ የጎደለውን ክህሎት ማስቀደም ይገባል፤ ያ ትንሽ ወጪ ሜዳ ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ልብሱ ይቆይ።

ምልክት፦ የሦስት ነጥብ ክህሎቱ ከፍ ብሏል፤ ኳሱ ግን አይገባም።

እዚህ ላይ ተጨማሪ ቪሲ ማውጣት አይጠቅምም። ቴሌቪዥኑ ምስል የሚያዘገይ ከሆነ የመወርወሪያው ቁልፍ የሚለቀቅበት ጊዜ ይዛነፋልና በመጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ማብራት፣ ከዚያም አንድ የውርወራ ስልት መርጦ ሳይቀያይሩ መለማመድ ነው።

ምልክት፦ አዲስ ተጫዋች ተፈጠረ፤ የቀድሞው ክህሎት አልተላለፈም።

ይህ ብልሽት አይደለም። ቦርሳው የጋራ ነው፤ የተገዛ ክህሎት ግን ከተገዛለት ተጫዋች ጋር ይቀራል፤ ቪሲውም ወደ ቀጣዩ ዓመት እትም አይሻገርም። በመሆኑም አዲስ ተጫዋች ከመጀመር በፊት አሠራሩን በመፍጠሪያው ክፍል መሞከር፣ አዲስ እትም ሊወጣ ሲቃረብም ቪሲ በገንዘብ አለመግዛት ይመረጣል።