ስልኩ ይሰማኛል፣ ቲቪው ያየኛል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ሰው የተበላሸ ስልክ ይዞ ሲመጣ ስለ ታመመ ዘመድ የሚያወራ ይመስላል። «ይሞቃል»፣ «ይደክማል»፣ «ሌሊት ብቻውን ይበራል»። እኔም እንደ ሐኪም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «ይሄን ነገር ያበራኸው አንተ ነህ?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ኧረ አይደለሁም» ነው። ወይ ከፋብሪካው በርቶ መጥቷል፣ ወይ አንድ ቀን በጥድፊያ «እሺ» ተብሎ ታልፏል። ስለዚህ ከታች ያሉት መፍትሄዎች አብዛኞቹ ጥገና አይደሉም። የተደበቀ ማጥፊያ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው።

«ሁሉንም አጥፉ» ግን አልልም። ሞክሬዋለሁ። ሎኬሽኑን፣ ብሉቱዙን፣ ኖቲፊኬሽኑን ጠርቅሜ ዘጋሁ። ሳምንት ሳይሞላ መንገድ ጠፋኝ፣ ቀጠሮ አለፈኝ፣ በንዴት ሁሉንም መልሼ ከፈትኩ። ከበፊቱ የባሰ ሆነ።

«ያወራነውን ሰምቶ ማስታወቂያ አመጣ»

ይሄኛውን ቅሬታ ያልሰማሁበት ወር የለም። ማታ ስለ ፍራሽ ይወራል፣ ጠዋት ስልኩ ላይ ፍራሽ ይደረደራል። ታዲያ ማይኩ እየሰማ ነው?

በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈትሸው ነበር። በድብቅ ማይክ ከፍቶ ድምፅ የላከ አፕ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ጉድ ነው፦ አንዳንድ አፖች ተጠቃሚው ስክሪኑ ላይ የሚያደርገውን እየቀረጹ ይልኩ ነበር። ሁሉም አፕ ጨዋ ነው ለማለት አይደለም። ማስታወቂያ ሻጩ ግን ድምፃችሁን ሳይሰማም ብዙ ያውቃል። አብሯችሁ ያወራው ሰው በዚያው ዋይፋይ ፍራሽ ፈልጎ ይሆናል። እናንተም ከሳምንት በፊት አንድ የፍራሽ ገጽ ላይ ቆም ብላችሁ ረስታችሁት ይሆናል። ስልካችሁ ውስጥ ደግሞ የማስታወቂያ መለያ ቁጥር አለ። በአንዱ አፕ ያደረጋችሁትን ከሌላው አፕ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው።

መጀመሪያ ጥርጣሬውን አጣሩ። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ማይክ ወይም ካሜራ ሲከፈት ከስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። አይፎን ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ለማይክ ብርቱካናማ፣ ለካሜራ አረንጓዴ ነጥብ ያሳያል። አንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ዳሽቦርድ» የሚል ገጽ አለ። ባለፉት 24 ሰዓታት ማን ማይክ እንደነካ፣ ማን ሎኬሽን እንዳየ ከነሰዓቱ ይዘረዝራል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍተው አንድ የአየር ጠባይ አፕ ተኝቼ በነበርኩበት ሰዓት ደጋግሞ የት እንዳለሁ ሲጠይቅ አድሯል። አልጋዬ ላይ ነበርኩ፤ ሌላ የት እሆናለሁ?

ከዚያ መለያውን ቁረጡት። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ መፈለጊያው ውስጥ «Ads» (አድስ) ብላችሁ ጻፉና የማስታወቂያ መለያውን ሰርዙ። አይፎን ላይ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ትራኪንግ» ገብታችሁ አፖች እንዳይጠይቁ አጥፉ። ማስታወቂያው በቁጥር አይቀንስም። ኢላማውን ግን መሳት ይጀምራል። እኔን አሁን የአሳ ማጥመጃ ሊሸጡልኝ ይሞክራሉ። ይመቸኛል።

«ባትሪዬ ቁጭ ባለበት ያልቃል»

ስልኩ አሮጌ ካልሆነ መጀመሪያ ሎኬሽንን ጠርጥሩ። «ሁልጊዜ» የሚል ፈቃድ ያገኘ አፕ ስልኩ ኪስ ውስጥ ተቀምጦም ይሠራል። ሴቲንግ ውስጥ የሎኬሽን ፈቃድ ዝርዝሩን ክፈቱና ከካርታ በስተቀር የቀረውን «አፑን ስጠቀም ብቻ» አድርጉት። ለአየር ጠባይ አፕ ደግሞ ትክክለኛ ቦታ የሚለውን አጥፉበት። ዝናብ መምጣቱን ለመንገር የቤታችሁን በር ማወቅ የለበትም።

ስልኩ አሮጌ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን በአፕዴት ሆን ብሎ እንደሚያቀዘቅዝ አመነ። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም፤ የደከመ ባትሪ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ስልኩ ድርግም ይላል። ሰውን ያስቆጣው ሳይነገረው መደረጉ ነው። ስንቱ ባትሪ በመቀየር የሚድን ስልኩን ጥሎ አዲስ ገዛ! ከዚያ ወዲህ የባትሪ ጤንነት የሚያሳይ ገጽ መጥቷል። ቁጥሩ ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ስልኩን ከመቀየራችሁ በፊት ባትሪውን ቀይሩ።

«ከስልኬ ያጠፋሁት ፎቶ ከላፕቶፑም ጠፋ»

እህቴ ናት የደረሰባት። «ቦታ ሞልቷል» የሚለው መልእክት ሲያሰለቻት አንድ ከሰዓት ቁጭ አለች። ጣቷን የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አሳርፋ እስከ ታች ጎተተችው፣ 1,400 ፎቶ ተመረጠ፣ የቆሻሻ ቅርጫቷን ነካች። «ክላውድ ላይ (ኢንተርኔት ላይ ባለው ማከማቻ) አለ» ብላ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይታ ላፕቶፑን ስትከፍት የልጇ የመጀመሪያ ልደት የለም።

ነገሩ የሚምታታው ሲንክና ባክአፕ አንድ ስለሚመስሉ ነው። ባክአፕ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ሲንክ ግን መስታወት ነው። እዚህ ያጠፋኸው እዚያም ይጠፋል። «ፎቶህ ደህና ነው» የሚለው አረንጓዴ ምልክት ይሄን ልዩነት አይነግርህም።

ከደረሰባችሁ አትደንግጡ፣ ግን አትዘግዩ። የጠፋው ፎቶ ወዲያው አይሞትም። ጎግል ፎቶስ ላይ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ በቅርጫት ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፣ አይክላውድ ላይ 30 ቀን። እህቴ በጊዜ ደውላልኝ ነው የተረፈችው። ለወደፊቱ ጎግል ፎቶስ ላይ ቦታ ማስለቀቅ ከፈለጋችሁ ቅርጫቷን ተዉትና «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጠቀሙ። እሱ ከስልኩ ብቻ ነው የሚያነሳው። የማይተኩ ፎቶዎች ደግሞ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልበጡና መሳቢያ ውስጥ ይቀመጡ። መሳቢያ ሲንክ አያደርግም።

«ቲቪው የማየውን ያውቃል»

አዎ፣ ያውቃል። ብዙ ስማርት ቲቪዎች ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ምስል ቁንጽል እየወሰዱ ምን እያያችሁ እንደሆነ ይለያሉ። በኬብል ከተሰካ ሌላ ዕቃ የሚመጣውንም ጭምር። በ2017 እ.ኤ.አ. ቪዚዮ የተባለው የቲቪ ኩባንያ ይሄን በ11 ሚሊዮን ቲቪዎች ላይ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ሠርቷል ተብሎ በአሜሪካ ተከሶ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ማጥፊያው አለ፣ ስሙ ግን ምንም አይናገርም። ሳምሰንግ ላይ «ቪውኢንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ»፣ ኤልጂ ላይ «ላይቭ ፕላስ» ይሉታል። ሪሞቱን ይዛችሁ አሥር ደቂቃ ስጡት። ቲቪውን ለአንቴና ወይም ለዲሽ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ከነጭራሹ ከዋይፋይ አላቁት።

«ኮድ ላክን ይለኛል፣ ቁጥሩ ግን የድሮ ነው»

ይሄ የጥንቃቄ በሽታ ነው። አካውንቱን በሁለት ቁልፍ፣ በይለፍ ቃልና ወደ ስልክ በሚላክ ኮድ፣ ቆልፋችሁ አንዱን ቁልፍ ከተጣለው ሲም ካርድ ጋር ጥላችሁታል። አሁን አካውንቱ ክፍት ከሆነላችሁ ገብታችሁ የመልሶ ማግኛ ኮዶችን (ያለ ስልክ ቁጥሩ የሚያስገቧችሁን) አውርዱ። በወረቀት ጻፏቸው። ስልኩ ውስጥ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ የቤትን ቁልፍ ቤት ውስጥ አስቀምጦ መቆለፍ ነው። ቁጥር ልትቀይሩ ካሰባችሁም ሲሙን ከመጣላችሁ በፊት በየአካውንቱ አዲሱን አስገቡ።

«ዕቃው ደህና ነው፣ ግን አይሠራም»

ለዚህ መድኃኒት የለኝም። ሪቮልቭ የሚባል፣ የቤት መብራትና መሰል ዕቃዎችን ከአንድ ቦታ የሚያዝ መሣሪያ ነበር። ዋጋው ወደ 300 ዶላር ነበር። ሠሪውን የጎግሉ ኔስት ገዛው፣ በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. መሣሪያው በኢንተርኔት የሚሠራበትን ሰርቨር ዘጋው። ሰዎች እጅ ላይ የቀረው ባዶ ሣጥን ነው። ጥገና ቤት ቢወሰድ ምን ይጠገናል? የተበላሸ ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ሥራው ከመግዛት በፊት ነው። ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል?» መልሱ ከተንተባተበ ባለ ተራ ማብሪያ ማጥፊያውን ውሰዱ።