«ተሳሳትኩ እንዴ?» በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ

ሥራዬ ማመሳከር ነው። ሌሎች ሰንጠረዥ ላይ ያስገቡትን ቁጥር ከዋናው ሰነድ ጋር አስተያያለሁ፤ ካልገጠመ እጠይቃለሁ። የምጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በቀን ውስጥ ደጋግሜ የምጽፈው «ተሳሳትኩ እንዴ?» የሚለውን ነው። ይህችን አጭር ጥያቄ በትክክል መጠየቅ እስክለምድ ግን ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ሰሞን «ዲድ አይ ሮንግ?» ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛ «ተሳሳትኩ» ያለፈ ጊዜ ግሥ ነው። እኔም ያለፈውን መጠየቂያ «ዲድ»ን አመጣሁና «ሮንግ»ን ከኋላው ቀጠልኩ። ባልደረባዬ ወዲያው ደወለችልኝ። «ኧረ ማንንም አላስቀየምሽም፤ ምን ተፈጥሮ ነው?» አለችኝ። ለካ «ሮንግ» እንደ ግሥ ሲገባ ሰውን መበደል ማለት ነው። እኔ የጠየቅኩት ስለ 14ኛው ረድፍ ነበር፤ እሷ ጋ የደረሰው ግን «በደልኩ ወይ?» የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማርኛ መሳሳትን በግሥ ይናገረዋል። እንግሊዝኛ ደግሞ ሰውየው ያለበት ሁኔታ አድርጎ ያየዋል። እኛ «ራበኝ» ስንል እነሱ «አይ አም ሀንግሪ» እንደሚሉት ማለት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው «አም» ነው፦ «አም አይ ሮንግ?»። ያሰብኩት፣ የገመትኩት ነገር ልክ ላይሆን ይችላል ብዬ ስጠረጥር የምጠይቀው ይህንን ነው።

ጠንቀቅ ያለ፣ መደበኛ ቃና ስትፈልጉ «አም አይ ሚስቴክን?» አለላችሁ። ቅርጹ «ሌላ ሰው አሳሳተኝ» የሚል ሊመስል ይችላል፤ አይደለም፣ የተሳሳታችሁት ራሳችሁ ናችሁ። «ዲድ አይ ሚስቴክ?» ግን አይባልም። ግሡ አለ፣ ግን አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማምታታት ነው ትርጉሙ። 1ን 7 ነው ብዬ ካነበብኩ በዚያ ግሥ እናገረዋለሁ። ያሳሳተኝ ድርጊት ከሆነ፣ ማለትም አንድ ነገር ሠርቼ ሥራው ላይ ስህተት ካለ፣ «ዲድ አይ ሜክ አ ሚስቴክ?» እላለሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው። «ሮንግ»ን ከእውነተኛ ግሥ ኋላ ማስቀመጥ። «ዲድ አይ ካውንት ሮንግ?»፣ ስቆጥር ተሳሳትኩ? «ዲድ አይ ስፔል ኢት ሮንግ?»፣ ፊደሉ ላይ ተሳሳትኩ? «አም አይ ሪዲንግ ኢት ሮንግ?»፣ አነባበቤ ነው የተሳሳተው? እዚህ ላይ «ዲድ» ቦታውን አገኘ፣ ምክንያቱም አብሮት የሚሄድ ግሥ አለ። አማርኛችንም እኮ «ስቆጥር ተሳሳትኩ?» ብሎ የትኛው ላይ እንደሆነ ይናገራል። የሚመልስላችሁ ሰው የት እንደሚያይ ወዲያው ያውቃል። ባዶ «አም አይ ሮንግ?» ሲደርሰው ግን መጀመሪያ የሚያደርገው ምኑን እንደጠየቃችሁት መፈለግ ነው።

ባዶው ጥያቄ ሌላም ችግር አለው። ክርክር መሃል ሐሳባችሁን ተናግራችሁ «አም አይ ሮንግ?» ብላችሁ ካቆማችሁ፣ እንደኛው «ዋሸሁ?» ነው የሚሆነው። ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ግጥሚያ ይሆናል። በድምፅ ለስለስ ማድረግ ይቻላል፤ በጽሑፍ ግን ድምፅ የለም። ስለዚህ ስጽፍ «አባውት ዚስ» እጨምርበታለሁ፤ «አም አይ ሮንግ አባውት ዚስ?» ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ዓይንን ከሰውየው ወደ ጉዳዩ ትመልሳለች።

ሰው የነገራችሁ ነገር በትክክል መግባቱን ከተጠራጠራችሁ «ዲድ አይ ጌት ዛት ራይት?» በቂ ነው። በራሳችሁ አባባል የገባችሁን ደግማችሁ ተናገሩና ከኋላ አምጡት። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ ለማለት «ኢዝ ኢት ማይ ፎልት?» አለ። «ዲድ አይ ዱ ሰምቲንግ ሮንግ?» ደግሞ ሰው ፊቱን ሲያዞርባችሁ፣ ዝም ሲላችሁ የሚጠየቅ የልብ ጥያቄ ነው። ለቁጥር ስህተት አታውሉት። የሚያነበው ሰው ቅር የተሰኛችሁ ይመስለዋል።

አሁን «ካልተሳሳትኩ» ወደሚለው ልምጣ። «ኢፍ አይም ኖት ሚስቴክን» በጣም ጥሩ፣ ትሕትና ያለው አነጋገር ነው። ግን ጥያቄ አይደለም። አንድ ጊዜ «ካልተሳሳትኩ ድምሩ 318 ነው» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ቀን መልስ ጠበቅኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ማን ይመልሳል? አልጠየቅኳቸውም። «ኮሬክት ሚ ኢፍ አይም ሮንግ» ይሻላል፣ «ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ» ብሎ በግልጽ ስለሚጋብዝ። እርግጠኛ በሆናችሁበት ነገር ላይ ደጋግማችሁ ስትጠቀሙበት ግን «እስቲ አርመኝ!» የሚል ፉክክር ይመስላል። ለእውነተኛ ጥርጣሬ ቆጥቡት።

ከዚህ ሁሉ የጎዳኝ አሉታዊው ጥያቄ ነው። «አልተሳሳትኩም አይደል?» ለማለት «አይም ኖት ሮንግ፣ አም አይ?» ብዬ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ አንድ ቃል ነው፦ «ኖ»። እኔ በአማርኛ ጆሮ ሰማሁት። ለእኛ «አልተሳሳትኩም አይደል?» ተብሎ ማረጋገጫው «አዎ» ነው። ስለዚህ «ኖ»ን «አይ፣ ተሳስተሻል» ብዬ ተረጎምኩና ልክ የነበረውን ቁጥር በስህተት ቀየርኩት። በእንግሊዝኛ ግን «ኖ» የሚከተለው ዐረፍተ ነገሩን ነው፤ «ኖ፣ ዩ አር ኖት» ማለት ነው፣ አልተሳሳትሽም። «የስ» ቢመጣ ነበር ተሳስተሻል የሚሆነው። እባካችሁ ይህን በጥንቃቄ ያዙት፤ እናንተም እንዲህ ስትጠየቁ «ኖ» ብላችሁ አታቁሙ፣ «ኖ፣ ዩ አር ራይት» በሉ። ስትጠይቁም በአዎንታ ጠይቁ፦ «ኢዝ 318 ኮሬክት?» «የስ» ካለ የስ ነው፣ «ኖ» ካለ ኖ ነው፣ መተርጎም አያስፈልገውም።

እግረ መንገዴን ላሳያችሁ፦ «ልክ ነኝ አይደል?» ማለት ከፈለጋችሁ «አይም ራይት፣ አርንት አይ?» ነው። «አር» ከ«አይ» ጋር መግጠሙ ግራ ያጋባል፤ ግን የተለመደው ይኸው ነው። አይርላንድና ስኮትላንድ ውስጥ «አምንት አይ» ሲሉም ትሰማላችሁ።

መልሱ መጥቶ ተሳስታችሁ ከተገኘ ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። «ማይ ሚስቴክ፣ ታንክስ» ይበቃል። ከበድ ባለ ውይይት ላይ ከሆነ «አይ ስታንድ ኮሬክትድ» ይባላል፤ እርማቱን ተቀብያለሁ ማለት ነው።

አሁን የምልከው መልእክት ይህን ይመስላል፦ «ኩድ ዩ ቼክ ሮው 14? ዘ ዶክዩመንት ሴይስ 318፣ ዘ ቴብል ሴይስ 381። አም አይ ሪዲንግ ኢት ሮንግ?» መጀመሪያ ቦታውን፣ ቀጥሎ ያየሁትን ሁለቱን ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄዬን። ብዙውን ጊዜ የሚመለስልኝ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ 14ኛው ረድፍ ነው።