ካፒባራን ጣና ዳር ሆኖ ለልጆች ማስረዳት

ባሕር ዳር የሳይንስ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ካፒባራ የሚባለውን እንስሳ ስልክ ላይ ያዩና «ቲቸር፣ ጣና ውስጥ አለ?» ይሉኛል። የለም፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ብራዚል፣ ቬንዙዌላ፣ ኮሎምቢያ። ቢሆንም ለማስረዳት ከሐይቁ ዳር የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

«ትልቅ አይጥ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ከአይጥ ወገን በዓለም ትልቁ እሱ መሆኑ እውነት ነው፤ ልጁ ግን «እፍ!» ብሎ ሌላውን አይሰማችሁም። በጃርት ጀምሩ። የገበሬ ዘመድ ያለው ልጅ ጃርት በቆሎ ስታጠፋ ሰምቷል። እሷም ከዚሁ ወገን ናት፤ የሁለቱም የፊት ጥርስ ዕድሜ ልክ ያድጋል፣ የሚያሳጥረውም ማኘክ ነው። ካፒባራ ከ35 እስከ 65 ኪሎ ይመዝናል፤ የፋሲካ ሙክት በሉት።

ከዚያ በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት በጀልባ ሂዱ። ጉማሬ ከታየ ነጂው ራቅ ብሎ ይቁም፤ ልጅ አለቀሰ ተብሎ አይጠጉትም። ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ራሱ ላይ ከፍ ብለው መቀመጣቸውን አሳዩ። ካፒባራም እንዲሁ ነው። ዘመዳሞች አይደሉም፤ ያመሳሰላቸው የውኃ ኑሮ ነው። ገላውን ደብቆ ያያል፣ ያዳምጣል፣ ይተነፍሳል። ነብር መሳዩ አዳኝ ጃጓር ሲመጣ ከካፒባራዎቹ አንዱ ይጮኻል፤ መንጋው ውኃ ውስጥ ይገባል፤ እስከ 5 ደቂቃም ጠልቆ መቆየት ይችላል። በጣቶቹ መካከል ለመዋኛ የሚረዳ ቆዳ አለው። (ይህን በተግባር ላሳይ ብላችሁ ልጆቹን ሐይቁ ውስጥ አትንከሩ፤ ቢልሃርዚያ አለ።)

ወደ ዳር ተመለሱና 3 ኪሎ እርጥብ ሣር አሳጭዳችሁ መዝኑ። አንድ ካፒባራ በቀን ይህን ያህል ይበላል። ላም ሣሩን መልሳ ታመሰኳለች፤ እሱ ማመስኳት ስለማይችል ጠዋት ጠዋት የራሱን ለስላሳ ፋንድያ ይበላል። መጀመሪያ ያልተፈጨው ሣር በሁለተኛው ዙር ይፈጫል ማለት ነው። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቁ። ፈተና ላይ ማንም የማይስተው ጥያቄ ይህ ነው።

ስለ ኑሮው አጭር አድርጉት። በመንጋ ከ10 እስከ 20 ሆነው ይኖራሉ፤ በበጋ ውኃው ሲሸሽ በቀረችው ኩሬ ዙሪያ እስከ 100 ይሰበሰባሉ። እናቲቱ 5 ወር ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ 4 ትወልዳለች። ግልገሎቹ የመንጋውን እናቶች ሁሉ ይጠባሉ፤ ይህን ስናገር ሴቶቹ ተማሪዎች ደስ ይላቸዋል።

ቬንዙዌላ ውስጥ ካቶሊኮች ሥጋውን በዓቢይ ጾም እንደ ዓሣ ቆጥረው ይበሉታል። ይህን አያት ባሉበት አታንሱ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ተነስቶ ትምህርቱ እዚያው ይቀራል።

«አንድ ብቻ ቤት እናሳድግ» የሚል ልጅ አይጠፋም። ብቻውን እንደማይሆንለት፣ የሚጠልቅበት ውኃም እንደሚያስፈልገው ንገሩት። ከዚያ ሣሩን በየቀኑ ማን እንደሚያጭድ ጠይቁት።